በድራይቨር ስም የፈሰሰ ደም

ወንበሩ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው... ሕመሙ ቆይቶ ነው የመጣው።

ወንበሩን ያነሳብኝ ይበልጣል ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን አብረን እንይዝ ነበር፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ዲማ ቅኔ ተምሮ የመጣ ዲያቆን፣ ረጋ ያለ ሰው። ቤት እንኳ የተከራየነው አብረን ነው።

የክፍሉ ኢንተርኔት የሚመጣው በአንዲት የዩኤስቢ ዋየርለስ ካርድ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው የሚሠራው። ያን ሰሞን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። እኔ rt73 የሚባለውን ድራይቨር፣ ካርዷን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጭኜ እሄዳለሁ፤ በማግስቱ ስመጣ የእኔ ጠፍቶ rt73usb የሚባል ተጭኖ አገኛለሁ። አጠፋዋለሁ። ተመልሶ ይመጣል። ኃላፊያችን ደግሞ «ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢቋረጥ አንዳችሁ ትባረራላችሁ» ብሎናል።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ፈረቃ ስንቀያየር መታገሥ አልቻልኩም።

«ሥራዬን የምታበላሸው አንተ ነህ!» አልኩት።

«አንተ ነህ እንጂ! እኔ የጫንኩትን ማን ነው የሚያጠፋው?»

«የደብተራ ተንኮልህን እዚያው ዲማ ትተኸው ብትመጣ ምን ነበረበት?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም... ወንበሩ የመጣው ያኔ ነው።

ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ኪቦርዱን ነቅዬ አፉን አልኩት፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጣሁና የኔትወርክ ገመድ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩ። ሳብኩ። እግሩ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ይሰማኛል... አልለቀቅኩም።

የግቢው ጥበቃ ጋሽ አለኸኝ ሮጠው ገብተው ትከሻዬን በዱላ ባይሉኝ ኖሮ አልለቅም ነበር።

«ምን ቢሆን ነው የምትጋደሉት?» አሉ እያለከለኩ።

«ስም ነው» አልኩ።

«እናትህን ሰደበብህ?»

«አይ... የድራይቨር ስም።»

«የየትኛው ሹፌር?»



ክሊኒክ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ ይበልጣል ባበጠ አፉ ጠየቀኝ፦ «የምታጠፋው የትኛውን ነው?»

«ዩኤስቢ የሚለውን።»

«እኔ ደግሞ ዩኤስቢ የሌለበትን... ስሙን ጀምረህ የተውከው መስሎኝ።»



ለካ ሁለቱም የአንዷ ካርድ ድራይቨር ናቸው። አንዱ ቀድሞ የተጻፈ፤ ሌላው እንደ አዲስ ተጽፎ ጫፉ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጨመረበት። የትኛውም ብቻውን ቢተው ይሠራል። እኛ ግን አንዳችን የሌላውን ከሥሩ አላጠፋነውም ነበር፤ ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱም አብረው ይነሱና ካርዷን ይሻሙባታል።

በሽማግሌ ታረቅን። ይበልጣል ከልቡ ይቅር ብሎኛል፤ አሁንም ይደውልልኛል።

እኔ ግን ያን ቀን ራሴን አወቅኩት... ሰው ለመግደል ሦስት ፊደል ይበቃኝ ነበር።