ከሙሽራዋ ጎን የገባው ፎቶ

የእህቴ ሰርግ ቀን ደባርቅ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ እጄን ጨብጦ ቶሎ አይለቀኝም ነበር። ትከሻዬን የሚደባብሱኝም ነበሩ። ሥራ ላይ ሆኜ ሰው ሲነካካኝ አልወድም፤ ስነጫነጭ ዋልኩ። እኔና ባልደረባዬ ሰርግ የምንቀርጽበት ቪዲዮ ቤት ነበረን። እሱ መድረኩ ሥር ካሜራ ይዟል፤ እኔ አዳራሹ ጥግ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጬ በትልቁ ስክሪን የሚታየውን አቀናብራለሁ።

ሶፍትዌሩ ምስልን በምስል ላይ የሚደርብ ነው። ከታች የካሜራው ምስል፣ በላዩ የአበባው ፍሬም፣ በላዩ የሙሽሮቹ ስም። እያንዳንዱ ድርብ ሌየር ይባላል፤ ከጎኑ የዓይን ምልክት አለች፤ እሷን ሲነኳት ያ ሌየር ይጠፋል፣ ሌላው ይቀራል። የማዘጋጀው መጀመሪያ ለእኔ ብቻ ይታየኛል፤ ሲያልቅ ወደ ስክሪኑ እለቀዋለሁ።

ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ እህቴ ማይኩን ያዘች። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ መተማ ለሥራ ሄዶ ነበር፤ ለሰርጉ ፈቃድ ከለከሉት ተብሎ ተነግሮናል።

«ጋሼ በአካል ባይመጣም በፎቶ ከጎኔ ይቁም» አለች። «ወንድሜ፣ አስገባልኝ።»

ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞሮ በእጁ «ተወው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ላፕቶፑ የእሱ ስለነበር የጋሼን ፎቶ ፍለጋ ቀድሞ ያቀናበራቸውን ምስሎች፣ ሲኖቹን፣ ስከፋፍት «ሰኞ» የሚል አገኘሁ። ከፈትኩት። ጋሼ ወጣ፤ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ እኔው ያነሳሁት ፎቶ፣ የእኔን ጃኬት ለብሶ። ዙሪያው ጥቁር ፍሬም፣ ከግርጌው ሻማ፣ ከላዩ «ነፍስ ይማር»።

ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። መርዶው ሰርጉ እስኪያልፍ ተይዞ ለእኔና ለእህቴ ሰኞ ሊነገረን ነው፤ ሲኑም ለለቅሶው ድንኳን ተዘጋጅቶ ኖሯል። መጮህ ፈለግሁ። ከጮህኩ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይሆናል፣ እሷም በሙሽራ ልብሷ መሬት ትወድቃለች። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

«ምነው፣ ያንቀላፋው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንተ?» አለች በማይኩ። ራሷ ሳቀች፤ ሌላ የሳቀ የለም።

የሻማውን ዓይን ዘጋሁ። ጥቁሩን ፍሬም ዘጋሁ። ጽሑፉን ሳትኩት፤ ደግሜ ነካሁት። አንዲት ሌየር ክፍት ቀርታ ብትሆንስ እያልኩ ከላይ እስከ ታች አየሁ። ጋሼ ብቻ ቀርቷል፣ እየሳቀ። ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጥኩትና ለቀቅሁት።

እህቴ እልል አለች። የተቀበላት አልነበረም። «ኧረ አጨብጭቡለት እንጂ» ስትል አጨበጨቡ። ቄስ የሆኑት ወላጅ አባታችን ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ቆይተው ቀና ሲሉ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ፎቶውን አሳጥበህ ታመጣልኛለህ» አለችኝ እህቴ። በአንገቴ እሺ አልኳት። ሙዚቃው ቀጠለ፤ እኔም እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ እስከ መጨረሻው ሠራሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው ወደ ዳባት፣ ወደ ሙሽሮቹ ቤት ሊሄዱ ሲነሡ አንዱ «ለወንድሟስ ማን ይንገረው?» አሉ።

«እሱ ትናንት ሰምቷል» አሉ አባታችን። እኔም አብሬ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። የእጇ እንሶስላ ገና ደማቅ ነበር። ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ እኔን አስቀድመው ከአጥሩ ውጭ ቀርተዋል።

«ፎቶውን ይዘህልኝ መጣህ?» አለችኝ።