የምርቃት ዊንዶውስ

ያንን ኮምፒውተር ጠጋኝ እስከ ዛሬ አልወደውም። በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ሱቅ አለው፤ ፈገግታው ከሱቁ ይሰፋል። ፈገግታ የሚያበዛ ባለሙያ ድሮም አይጥመኝም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በራሴ ላፕቶፕ የጭነት ሰነድ አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰኞ ላፕቶፖቻችን ይፈተሻሉ፤ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ የተገኘበት ሠራተኛ ኮንትራቱ አይታደስለትም። እኔ አልደነገጥኩም። የእኔ ዊንዶውስ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ፣ የተከፈለበት ነው። እንዲህ የሚል ሰው በከተማው ብዙ ስለሌለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮርቼበታለሁ። ችግሩ ላፕቶፑ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስ ለቅሞ መንቀራፈፉ ነበር። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫን ነበረበት።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኩለት። «ፋይሎቼን ገልብጫለሁ፤ ሌላውን አጥፋው። ፈቃዱን ግን አደራ፣ ሥራዬ ያለው እሱ ላይ ነው» አልኩት። ደግሜም ነገርኩት።

«አብሽር ዋሪያ! እኔ እያለሁ?» አለኝ።

ረፋድ ላይ ስመለስ ጨርሶ፣ የላፕቶፑን አቧራ ሳይቀር ጠርጎ ጠበቀኝ። ከፍቼ አየሁት። ሆም የሚባለው ዓይነት የነበረው ዊንዶውስ ውዱ ፕሮ ሆኗል፤ እሱም በክራክ፣ ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተከፈተ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርቃት ነዋ! ሆም እኮ የተማሪ ነው። አንተ የፋብሪካ ሰው ነህ ብዬ ፕሮ ጫንኩልህ። ለእሱ ምንም አልጨምርብህም፣ ወላሂ።»

ደሜ ፈላ። እዚህ ከተማ ያለ ምርቃት የሚሸጥ ነገር የለም። ቲማቲም የገዛ ሁለት ፍሬ ይጣልለታል፤ ይሄ ደግሞ የተከፈለበትን አጥፍቶ የተሰረቀ መረቀኝ፣ ያውም በእንጀራዬ ላይ። «ሌባ!» አልኩት። ጎረቤት ባለሱቆች ወጥተው አዩን። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።

ፈገግታው ጠፋ። ደስ አለኝ።

«ፈቃዱ አልጠፋም» አለ ቀስ ብሎ። «ከላፕቶፑ ማዘርቦርድ ጋር ተመዝግቧል። ሆሙን መልሰን ከጫንነው፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል።»

«ታዲያ ጫነዋ!»

«ፍላሼ ላይ ሆም የለም አቦ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከኢንተርኔት በስልኩ ዳታ ማውረድ ጀመረ። ቀትር ሆነ፤ ገበያው ለምሳና ለጫት ተዘጋጋ። እሱ አልዘጋም። ግማሽ ደርሶ ተቋረጠበትና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያለችውን አንዲት ቬንትሌተር ወደ እኔ አዞራት። ምሳ እናስመጣ ወይ ሲለኝ አልፈልግም አልኩት። ርቦኝ ነበር፤ ግን ከእጁ እንጀራ መቁረስ አልፈለግኩም። እንደ እስረኛ ጠባቂ ዐይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩበት።

ወርዶ ያለቀው ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። መጫን ሲጀምር የፈቃድ ቁልፍ ጠየቀው፤ «ቁልፍ የለኝም» የሚለውን ነካና ሆምን መረጠ። ተጭኖ ሲያበቃ ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ጥቂት ቆይቶ ፈቃዱ መመለሱን የሚናገረው ጽሑፍ መጣ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ግንባሩን እየጠረገ። ላፕቶፔን ዘግቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ለምርቃቱ አውፍ በለኝ» አለኝ ከኋላዬ። አልዞርኩም።

ሰኞ ፈታሹ ጠረጴዛዬ ጋ ደረሰ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ዊንዶውሷ በክራክ የተከፈተ ሆኖ እያለቀሰች ወጥታለች። የእኔን ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከስሜ ፊት የትክክል ምልክት አደረገ፤ ኮንትራቴ ተረፈ።

«በቅርቡ ነው የተጫነው» አለኝ። «ፈቃዱንም ጠብቆ። የእኛ ባለሙያ ለቅቆብናል፤ እንዲህ በሥርዓት የሚሠራ ሰው በቋሚነት እንቀጥራለን። ማን ነው የጫነልህ?»

የጠጋኙ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። ስልኬም እጄ ላይ ነበር።

«ራሴ ነኝ» አልኩት።