እማማ ታሊታ በአውቶብስ ላይ
ሳሞአ ውስጥ ስም የሌለው አውቶብስ የለም፤ በዋና ከተማዋ በአፒያ ደግሞ ቀለም ቀቢው ፌቱ ካልጻፈው እንደ ስም አይቆጠርም። ፊደሎቹን እጅ ለእጅ አያይዞ ያስኬዳቸዋል። ብሩሹ ሲወጣ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ሲወርድ ወፈር ይላል፤ የመጨረሻው ፊደል ጅራት እስከ በሩ ድረስ ይጠማዘዛል።

አንድ ቅዳሜ አንድ ባለአውቶብስ የእናቱን ስም አስጻፈው። ፌቱ «ታሊታ» ብሎ ሲጨርስ የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። እማማ ታሊታ ግን ሰፊ ወገባቸውን ይዘው ጽሑፉን ላይ ታች አዩት።

«ይቺ ከሲታ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎታ፣ እማማ!»

«እኔ? ልጇ አያበላትም እንዲሉኝ ነው? በል አወፍረኝ!»

ፌቱ «ወዙን አጠፉብኝ!» እያለ እየተነጫነጨ መስመሩን ሁሉ አወፈረው። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየውና ሳቁ አመለጠው፤ ቁርጥ እሳቸውን!

ቀለሙ እንደደረቀ አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞላ፤ እንደ አገሩ ልማድ ወንበር ያጣው በሌላው ጭን ላይ ተቀመጠ። ፌቱ የቀለም ጣሳውን አንጠልጥሎ ሲገባ ባዶ የቀረው የእማማ ጭን ብቻ ነበር። መታ መታ አደረጉለት።

«ና ተቀመጥ እንጂ! ከሲታ አድርገህ ትተኸኝ ቢሆን የት ልትቀመጥ ነበር?»