ቺምፓንዚ ይዤ ወደ ስትሪትሃም

ዓርብ ንጋት፣ ዊልስደን

እማዬ ሳሎን ውስጥ ሰው ይተኛል ብላ አታምንም። ገና ሳይነጋ ከስልኳ ቅዳሴ ለቃ በሶፋዬ ዙሪያ ወለሉን ቫኪዩም ታደርጋለች። ሶፋው እንኳ የሷ ነው፤ "ሶፋዬ" የምለው ሁለት ዓመት ስለተኛሁበት ነው።

ዛሬ ስትሪትሃም፣ እትዬ አስካለ ቤት ልሄድ ነው። የእማዬ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ሊያከራዩ አስበዋል። አንዲት ነርስም ጠይቃቸዋለች። ሁለታችንን አይተው ዛሬ ይወስናሉ።

"ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ" አለች እማዬ ቫኪዩሙን ሳታጠፋ። "ደግሞ ጾም ነው። ኬክ ይዘሽ ብትገቢ አስካለ የምታማው እኔን ነው!"

ረፋድ፣ ካሌዶኒያን ሮድ

ኦቨርግራውንድ ባቡሩ መስኮቱ ላይ ጭጋግ፣ ወለሉ ላይ የትናንት ቺፕስ። ወርጄ ካፌዎቹንና የስልክ ጥገና ቤቶቹን አልፌ፣ ቸኮሌት እዚያው ፈጭቶ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ወተት የሌለው ፈልጌ ነበር። ጺማሙ ሻጭ ወረቀቱ ላይ ቺምፓንዚ የሚስቅበት ጥቁር ቸኮሌት አወጣልኝ።

"ሲንግል ኦሪጂን ነው" አለ። ካካዎው ከዚህም ከዚያም አልተቀላቀለም፤ ኡጋንዳ ውስጥ ጫካ ዳር ካለች አንዲት መንደር ነው የመጣው። ገበሬዎቹ ጫካውን ሳይመነጥሩ በዛፍ ጥላ ሥር ያበቅሉታል፤ ከዋጋው ላይም ጥቂቱ እዚያ ጫካ ውስጥ ለሚኖሩት ቺምፓንዚዎች ጥበቃ ይሄዳል።

"ቅመሺ፤ መጨረሻ ላይ የእንጆሪ ጣዕም ይመጣል።"

ቀመስኩ። አመድ መጣ። ቀጥሎ ሎሚ።

"እንጆሪው መጣ?"

"መንገድ ላይ ነው" አልኩት።

ስምንት ፓውንድ! ለአንድ ቸኮሌት! ልመልሰው ስል ቺምፓንዚው ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከፈልኩ።

ቀትር፣ ስትሪትሃም

ከብሪክስተን በአውቶቡስ። ሹፌሩ ማሞቂያውን ለቆታል፣ ቸኮሌቱ መለስለስ ጀምሯል። ቀዝቃዛው መስኮት ላይ ለጥፌ ያዝኩት፤ ቺምፓንዚው ውጭ ውጭውን እያየ ተጓዘ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዩት፣ አዩትና "እሱስ በካርድ ታፕ አድርጎ ከፍሏል?" አሉኝ።

እትዬ አስካለ በር ላይ አገላብጠው ሳሙኝ። ነርሷ ቀድማኛለች፤ ያመጣችው ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። እትዬ ቸኮሌቱን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፈገግታቸው ጠፋ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጾም ነው እትዬ፤ ወተት የለበትም።"

"ላም የተሳለበት ወተት ነው። ዶሮ የተሳለበት የዶሮ መረቅ ነው። ዝንጀሮ የተሳለበትን ምን ልበለው?"

ብርቱካን ላይ ምንም አልተሳለም።

"ኧረ ዝንጀሮ የለበትም! ካካዎና ስኳር ብቻ ነው፤ ጀርባውን ቼክ ያድርጉት።"

"ታዲያ እሱ ምን ሊሠራ ወጣ?"

እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ፦ ጫካውን፣ ጥላውን፣ ዛፉ ከተቆረጠ ቺምፓንዚዎቹ ማደሪያ እንደሌላቸው።

"ቆይ" አሉ። "አንቺ አይደለሽ እናትሽ ሶፋ ላይ የምትተኚው?"

"ነኝ።"

"እና ለዝንጀሮ ማደሪያ ትከፍያለሽ?"

ነርሷ ሳቋን በስካርፏ አፈነች። ክፍሏ ከእጄ ስታመልጥ ታየኝ፤ ምላሴ ግን አላረፈም።

"እሱ ሶፋ የለውም እትዬ።"

ነርሷ ሥራ ትገባለችና ተሰናብታ ወጣች። እኔ ተቀመጥኩ፤ ቸኮሌቱም ከብርቱካኑ ርቆ ለብቻው ተቀመጠ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚያው

እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሰዓቱ ሲደርስ የጀርባውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ አማተቡ፣ የጥፍር ታህል ቆርሰው ጎረሱ። ፊታቸው ተኮማተረ። ቆየ። ተፈታ።

"እንጆሪ እንጆሪ ይላል" አሉ።

እንዴት ተብሎ?!

ሁለተኛ ቆረሱ። "ለማታውቂው ዝንጀሮ ማደሪያ ከከፈልሽ የኔን ኪራይ አታስቀሪም። ነርሷን እኔ አነጋግራታለሁ። ቁልፉ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።"

ደረጃው ላይ ሆኜ እማዬ ጋ ደወልኩ። አሁንም ቫኪዩም እያደረገች ነው፤ መጮህ ነበረብኝ።

"ክፍሉን ሰጡኝ!"

ከወዲያ ቫኪዩሙ ጠፋ።