አየር በአየር የተባለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሌላ ሥራ ገባ። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ደን ነዋሪዎቹ ላይቆርጡት ተስማምተው ነበር። በሩቅ አገር ያሉ ፋብሪካዎችና አየር መንገዶች ደግሞ ሕግ ሳያስገድዳቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ «ዛፍ ጭስ ይመጥጣልና ለምናጨሰው ማካካሻ ይሁን» ብለው ለዚያ ደን ይከፍላሉ። የሚከፍሉት ግን ዛፉ ቆሞ እያደገ ከሆነ ነው። ስለዚህ ዛፉን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ተቀጠረ።

የዛፍ ልክ የሚወሰደው ደረቱ ላይ ነው፤ በሰው ደረት ቁመት፣ ቀይ ቀለም በተቀባበት። ይህን ሲነግሩት ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ደረት ሲለካ የኖረ ሰው አይደል! ዛፉን አቅፎ ሜትሩን በጀርባው ያዞርና፣ ልማድ ነውና፣ «እሰይ፣ ሰፍተሃል! ዘንድሮ ኮትህ አይበቃህም» ይለዋል። የቀጠነ ካገኘ ደግሞ «ምን ሆነህ ነው? አትበላም እንዴ?» ይላል። ሰው ፊት የሚተሳሰር ምላሱ ዛፍ ፊት ይፈታል።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ምላሱ ነው። ጎረቤቱ ጫማ ሰሪው «አሁን ምን ያዝክ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ማስረዳቱ ጨነቀውና «የአየር ንግድ ነገር ነው» አለ።

ጫማ ሰሪው ሚስማሩን ከከንፈሩ አወጣ። «አየር በአየር በለኛ! በስተርጅና!»

አየር በአየር ማለት ዕቃው ሳይታይ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ፣ በጓሮ በር የሚቸበቸብ ንግድ መሆኑን የማያውቅ የለም። በቃ፣ ቀልዱ እግር አወጣ። ስሙም «አየር በአየር» ሆኖ ቀረ።

እሱስ ስቆ አልፎት ነበር። ነገር ግን ሴት ልጁን ሊያገባ ያሰበው ልጅ እናት በጡረታ የወጣች የገበያ ተቆጣጣሪ ናት። የነጋዴ ሚዛን የምትፈትንበት ብረት ከቦርሳዋ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ «እትዬ ሚዛን» ይላታል። ዕድሜዋን የጨረሰችው አየር በአየር ነጋዴ ስታሳድድ ነው። ወሬው ጆሮዋ ሲገባ «ከእንዲህ ያለ ቤት ምራት አላመጣም!» አለች።

ልጅቷ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። «አባዬ፣ አንተው ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ ምን አፍ አለኝ ልጄ?»

«ለዛፉ ያለህን አፍ ነዋ!» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ምን ያድርግ፣ እትዬ ሚዛንን ሄዶ ለመናትና ይዟት ወደ ደኑ ወጣ።

«እስቲ የሚሸጡትን አየር ያሳዩኝ» አለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

አንገቱን እንደደፋ የሜትሩን ጫፍ አቀበላት። «ይያዙልኝ።» እሱ ዛፉን ዞሮ ተመለሰና ጫፍና ጫፉን አገናኙ። እሷ ጥፍሯን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ጠጋ ብላ አየች።

«ጨምሯል?»

«ከዓምናው ጨምሯል።»

«የሚያጨሱትስ ሰዎች? ከፍለናል ብለው አብዝተው ቢያጨሱ?»

«እሱን እንጃ፣ እሜቴ። የዚያን አገር ጭስ እኔ አልለካም። የምለካው እዚህ የቆመውን ብቻ ነው።»

እልፍ ሲሉ ነፋስ የገነደሰው ትልቅ ዛፍ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ቀይ ቀለሙ እንዳለ ነው።

«ይሄንንስ ለከፋዮቹ ምን አሉ?»

«ወድቋል አልኩ።»

«ቆሟል ቢሉ እዚህ ድረስ መጥቶ ማን ያይዎታል?»

ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አያት። «ያኔማ አየር በአየር ይሆናላ!»

እትዬ ሚዛን መጀመሪያ ግንዱን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የወደቀው ግንድ ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ምን እንዳሳቃት በደንብ ባይገባውም።

ሲወርዱ ጫማ ሰሪው ደጁ ላይ ነበር። «አየር በአየር! ገበያ እንዴት ዋለ?»

ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ሊያልፍ ነበር። እሷ ግን ቆመች። «አየር በዛፍ ነው የሚባለው። ሚዛኑን እኔ ራሴ አይቻለሁ» አለች። ጫማ ሰሪው ሚስማሩን መልሶ ከንፈሩ መሐል ሰካ።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ አገኟት። እትዬ ሚዛን ማንም እንዲነካባት የማትፈቅደውን ቦርሳ አስያዘቻትና ወደ አባትየው ዞረች።

«ለሠርጉ ቀሚስ ያስፈልገኛል። ልኬን ይውሰዱልኝ።»

«ዓይኔ እኮ፣ እሜቴ... መርፌው...»

«ክሩን ልጄ ታስገባለች» አለች፣ የልጅቷን ትከሻ ይዛ።

ልጅቷ ፊቷን በቦርሳው ሸፈነች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በእትዬ ሚዛን ጀርባ አዙሮ ደረቷ ላይ ገጠመው። ልማድ ክፉ ነው፤ «እሰይ፣ ሰፍተ...» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ሚስቱ ከጓዳ ስትስል ሰማና በጊዜ ዋጠው።