ለመምህር ዑመር፦ ሩቴኒየምና ያልጻፍሁት ልኬት

መምህር ዑመርን ለምታውቁ ሁሉ፦ ማክሰኞ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከዚህ ዓለም ተለይተውናል፤ በዚያው ዕለት እዚሁ ሀርጌሳ ተቀበሩ። አላህ ይዘንላቸው። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ይህም ቃል አላጽናናኝም።

ድሬዳዋ ያደጉት መምህር ዑመር፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኬሚስትሪን በአማርኛ ያስረዱን ነበር። አብዛኞቻችን ለሥራ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጆች ነን። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእርሳቸው ነው። ዳዊት የሚባለው ጓደኛችን ከግንባታ ሥራ ሲሚንቶ እንደለበሰ ዘግይቶ ሲደርስ፣ «እኔም እየረሳሁት ነው፣ ልድገመው» ብለው ትምህርቱን ከመጀመሪያው ይጀምሩለት ነበር።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ሩቴኒየምን ነው። ብርማ ነጭና ጠንካራ ብረት ነው፤ ወርቅን የሚያሟሟው አሲድ እንኳ አይደፍረውም። አንዱ ኦክሳይዱ ስልካችን ውስጥ ኤሌክትሪክን ይመጥናል፤ ሌላው ግን ቢጫ፣ በቀላሉ የሚተንና መርዛም ነው።

«መምህር፣ ስልኬን ሰብሬ ሩቴኒየሙን ልሽጠው?» አለ ዳዊት አንድ ቀን።

«ሺህ ስልክ ብትሰብር ለአንድ ዓይን የሚበቃ ኩል አይወጣህም! ቁጭ በልና ጻፍ!»

የግራ ዓይናቸው ነጭ ላይ ትንሽ ሥጋ የበቀለችው የፈተናችን ሰሞን ነው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብንላቸው፣ «ካደገች እሄዳለሁ፤ አሁን እናንተን ላስፈትን» አሉ። ማስመሪያና ደብተር ሰጡኝ። «ሰው የራሱን ሲለካ ያዳላል። ከሁሉ ጠንቃቃ አንቺ ነሽ፤ በየሳምንቱ ለኪልኝ።»

በመጀመሪያው ዓርብ ሦስት ሚሊሜትር ነበረች። ሦስት ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ስታድግ አየሁ። ነገር ግን ፊታቸውን ቀና አድርገው «እህ፣ ልጄ?» ሲሉኝ ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ።

«እንደነበረች ናት፣ መምህር።»

«ተባረኪ።»

ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ደብተሩ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ይል ነበር። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ አስገድደው ወሰዷቸው፤ እኔም ደብተሩን ይዤ ተከተልኋቸው። ሐኪሙ ዕጢው ካንሰር መሆኑን፣ በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ዓይን ላይ በሚቀመጥ ትንሽ የብር ሳህን እንደሚያክሙት፣ ሳህኑም ጨረር የሚያወጣ ሩቴኒየም የተቀባ መሆኑን ነገሩን። መምህር እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ግን የሩቴኒየም ጨረር የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው» አለ ሐኪሙ። «መታከም የነበረበት ዕጢው ገና ቀጭን ሳለ ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል።»

«ልኬቱ አለን» አሉ መምህር። ሐኪሙ ደብተሩን አየ፣ ዓይናቸውን አየ፣ ደብተሩን ዘጋው።

ስንወጣ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ማስመሪያው አርጅቷል፤ የእኔ ጥፋት ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም። እኔም መናገር አቃተኝ። አሁን ልንገራቸው ብል እርሳቸው የሉም።

መምህር፣ ማስመሪያው አላረጀም። እርስዎም ያውቁ ነበር። በሁለተኛው ዓርብ አራት ነበረች። በሦስተኛው አምስት ተኩል። በመጨረሻው ሰባት። ዛሬ የውሸት ሦስቶቹን ሰርዤ፣ ያየሁትን ጽፌ፣ ስሜን ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ደብተርዎ ይኸው፣ መምህር። ደኅና ይሁኑ።