ገመድ አልባው ማዳመጫዬ

ሶዶ ላይ ብሉቱዝ ማዳመጫ ስመርጥ ባለሱቁን አሰልችቼዋለሁ። የአንዱ ቤዙ ብቻ ይጮኻል፣ ሌላው ክራሩን ይውጠዋል። በመጨረሻ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ትልቅ አገኘሁ። ባለሱቁ፣ «ይሄን ካደረግህ መብረቅ ቢወርድ አትሰማም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ወደ ተበላ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሙዚቃዬን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደጋግመው ሰላም ብለውኝ ኖሯል፤ ምኑን ሰምቼ! መንገድ ላይ ባትሪው ሲያልቅ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት።

«ምስኪን፣ ጆሮው አይሰማም» ይላሉ ለተሳፋሪው። «ለሙዚቃ ቢሆን ገመድ ይኖረው ነበር። ይሄ ሆስፒታል የሰጡት ነው።»

አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው መጸለይ ጀመሩ። ተሳፋሪው ሁሉ «አሜን!» ይላል፣ ረዳቱ ሳይቀር። ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ታገስኩ። እሳቸው ግን የሚጨርሱ አይደሉም፤ አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ያን ሁሉ ቤዝ የመረጥኩት ለዚህ ነው? ቢቸግረኝ ማዳመጫውን ከጆሮዬ መንጭቄ፣ «እማማ፣ እሰማለሁ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሚኒባሱ በእልልታ ተናወጠ። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ መጥቶ አቀፈኝ። እናትየዋ እንባቸውን እየጠረጉ፣

«እሑድ ቸርች መጥተህ ትመሰክራለህ» አሉኝ።